የሻነን ስም መነሳቱ የሰረዘው ታሪክ የለም

በአላስካ የሚገኘው የዲናሊ ተራራ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በፕሬዚዳንት ትራምፕ ትእዛዝ፣ በቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በዊልያም ማኪንሊ ስም እንደገና ማኪንሊ ከተባለ ወዲህ፣ የውሳኔው ደጋፊዎች አባቶች ያወጡትን ስም መንካት ታሪክን መሰረዝ ነው እያሉ ይከራከራሉ። ክርክሩ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ለማየት አላስካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ በሳውዝ ዳኮታ የሚገኘው የገጠሩ ኦግላላ ላኮታ ካውንቲ ይበቃል።

ይህ ካውንቲ እስከ 2015 ድረስ ሻነን ይባል ነበር። ፒተር ሻነን የዳኮታ ቴሪቶሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ነበሩ። ካውንቲው በ1875 በካርታ ላይ ሲከለልና ስማቸው ሲሰጠው፣ መሬቱ በ1868ቱ የፎርት ላራሚ ውል ለላኮታና «ሱ» (Sioux) ተብለው ለሚጠሩት ሌሎች ነባር የአሜሪካ ነገዶች የተጠበቀ ነበር። የራሱን መንግሥት ፊርማ ንቆ በሰው መሬት ላይ ካውንቲ የሚያቋቁም አካል ያወጣው ስም በምን ሚዛን ነው የማይነካ ቅርስ የሚሆነው? ይባስ ብሎ ሻነን በ1882 የላኮታን መሬት ለማስለቀቅ ከተላኩት ሦስት ኮሚሽነሮች አንዱ ሆኑ። ውሉ መሬት ለመውሰድ ከአዋቂ ወንዶች የሦስት አራተኛውን ፊርማ ያስገድዳል፤ ኮሚሽኑ ግን ይህን ሳያሟላ ስምምነት ይዣለሁ ብሎ ተመለሰ፤ ኮንግረሱም ሳያጸድቀው ቀረ። ካውንቲው የሚገኝበት የፓይን ሪጅ የላኮታ ይዞታ ሕዝብ ልጆቹን ሲያስመዘግብም ግብር ሲከፍልም የኖረው መሬቱን ሊያስለቅቁት በመጡ ሰው ስም ነው፤ ይህን ክብር ብሎ መጥራት ነውር ነው።

ሕዝቡ በኖቬምበር 2014 ድምፅ ሲሰጥ ሕጉ ሁለት ሦስተኛ ይጠይቅ ነበር፤ የለውጡ ድጋፍ ግን 80 በመቶ ገደማ ደረሰ። የግዛቱ ምክር ቤት አጸደቀው፣ አዲሱም ስም በሜይ 1 ቀን 2015 ሥራ ላይ ዋለ። ማኪንሊን በተራራው ላይ የለጠፈው ግን በ1896 አንድ ወርቅ ፈላጊ ነው፤ ማኪንሊም አላስካን ረግጠው አያውቁም። ከነዋሪው ድምፅ ይልቅ የመንገደኛን ምርጫ የሚያስቀድም ሰው ስለ አባቶች ቃል ሊያስተምረን አይችልም።

ስም መቀየር ድህነትን አያጠፋም የሚሉም አሉ። አያጠፋም። ነዋሪዎቹ ዛሬም ለካውንቲ ጉዳያቸው ወደ ጎረቤቱ ፎል ሪቨር ካውንቲ፣ ወደ ሆት ስፕሪንግስ ከተማ ነው የሚሄዱት። ይህ ከልብ የሚያሳስባቸው ተቺዎች ለካውንቲው በጀት ይሟገቱለት፤ ስሙን ግን ለባለቤቶቹ ይተዉት።