“ተጫወት” የምንለው ለእንግዳ ብቻ ነውን?

ወሎ ውስጥ እንግዳ ቤት ገብቶ ጥቂት ዝም ካለ የቤቱ ባለቤት “ተጫወቱ እንጂ” ሳይል አይቀርም። እንግዳው ኳስ እንዲያባርር ወይም ገመድ እንዲዘል አይደለም የተጠየቀው፤ እንዲያወራ ነው። በአማርኛ ልጆች በግቢ የሚሯሯጡትም ጨዋታ ነው፣ አዋቂዎች ቡና ከበው የሚያወጉትም ጨዋታ ነው። አንድ ቃል ሁለቱን መሸከሙ በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ የልጅ አፍ አፈታትን የሚያጠኑ ባለሙያዎች ብዙ ደክመው የደረሱበትን፣ ልጅ አፉን የሚፈታው በጨዋታ መሆኑን፣ አያቶቻችን በዚህች ቃል ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። እኛ ግን በየቤታችን ሁለቱን ለያይተናቸዋል። ወጉን ለራሳችን ወስደን፣ ልጁን “ውጣና ተጫወት” እንለዋለን፤ ውጭው የማያመች ከሆነም ስልክ ሰጥተን ጸጥ እናሰኘዋለን።

ባለፈው ክረምት ደሴ ሸዋ በር አካባቢ አንድ የማውቃቸው ቤተሰብ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። የቤቱ ትንሽ ልጅ ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው፤ ጥቂት ቃላት አሉት፣ ሁለቱን አገጣጥሞ ሲናገር ግን ገና አልተሰማም። እናቱ በዚህ ትጨነቃለች፤ ቡናው እስኪፈላ ድረስም በማያውቀው ቋንቋ የሚዘፍኑ ድመቶችን ስልክ ላይ ያይ ነበር። ከኩታበር የመጡት አያቱ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ባቄላ ይለቅማሉ። ድንገት አንዲት ባቄላ አንሥተው ለልጁ አሳዩትና ባዶ ሲኒ ገልብጠው ከደኗት። “ባቄላዋ የት ገባች?” አሉና ዝም አሉ። ዝም ሲሉ በእርግጥ ዝም አሉ፤ እኔ በልቤ እስከ ስምንት ቆጥሬአለሁ። ልጁ ሲኒውን አየ፣ አያቱን አየ፣ ስልኩን ወለሉ ላይ ተወው። “የለ” አለ። “አዎ፣ የለችም! ባቄላዋ የለችም” አሉና ሲኒውን እርሱ ራሱ እንዲገልጥ ተዉለት። “አለ!” ብሎ ጮኸ። “አለች፤ እዚሁ አለች” አሉት። እንዲህ እየተባባሉ ቶናው ተቀዳ። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ዙር ላይ ይመስለኛል፣ አያቱ ሲኒውን ከመድፋታቸው በፊት ልጁ ቀድሞ “ባቄ የለ” አለ። እናቱ ጀበናውን በእጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ይህን ተአምር ብዬ አላወራሁትም። ቃላቱ ልጁ ዘንድ ነበሩ፤ ያጣው የመናገር ተራ ነው። አያቱ ያደረጉትን ልብ ላለው ሰው የሚጠቅሙት ነገሮች ጥቃቅን ናቸው። በመጀመሪያ የልጁን ዓይን ቀድመው ያዙ እንጂ “ስልኩን አምጣ” ብለው አልነጠቁትም። ቀጥለው ጠየቁና ጠበቁ፤ ትንሽ ልጅ የሰማውን ለመረዳት፣ ቃሉን ለመፈለግና አፉን ለማዘጋጀት ከአዋቂ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልገዋልና። ከሁሉ በላይ ደግሞ “የለ” ሲላቸው “‘የለችም’ በል” ብለው አላረሙትም፤ ሐሳቡን ተቀብለው አንድ ቃል ጨምረው መለሱለት። እኛ አብዛኞቻችን የምናደርገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰው በመጣ ቁጥር ልጁን መሀል ቤት አቁመን “ይኼ ምንድን ነው? በል እንጂ! ትናንት ትለው አልነበረም?” እያልን እንፈትነዋለን። ተፈታኝ ልጅ ደግሞ አዋቂ ተፈታኝ የሚያደርገውን ያደርጋል፤ አንገቱን ደፍቶ ጣቱን ይጠባል።

ልጅ መቆም ሲጀምር “ወፌ ቆመች” እያልን የምናጨበጭብ ሕዝብ ነን። ሲወድቅ አንቆጣም፤ ስለ አረማመዱ እርማት አንሰጥም። ለአፉም ይህንኑ ብናደርግለት ምን ነበር? ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ ራስን “ላስ” ቢል፣ ቀንና ጠን አላልቶ ቢናገር የሚያስደነግጥ አይደለም፤ እነዚህ በጉሮሮና በምላስ ተጨንቀው የሚወጡ ድምፆች ለሕፃን አፍ ከባድ ናቸውና ዘግይተው ይጠራሉ። የልጁን ኮልታፋ አነጋገር ደጋግመን እየቀዳን መሳቅ ግን ከማረሙም የከፋ ነው እላለሁ።

የአገራችን ጨዋታዎች በዚህ ረገድ ምን ያህል የተራቀቁ እንደሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አኩኩሉን እንውሰድ። ዓይኑን የጨፈነው ልጅ “አኩኩሉ” ሲል ያልተደበቁት “አልነጋም” ይላሉ፤ ሁሉም ሲደበቅ ደግሞ “ነጋ” ይባላል። በአማርኛ ግሥን ወደ አሉታ መለወጥ ከፊት “አል” ከኋላ “ም” ይጠይቃል፤ ለውጭ አገር ተማሪ ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ግን “አልነጋም” እና “ነጋ”ን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ ጊዜ እያፈራረቀ ይጮኻል፤ ለዚያውም አሳስቶ ቢናገር መያዝ አለና ልዩነቱን በሥጋው ያውቀዋል። እንቆቅልሽም እንዲሁ ነው። ጠያቂው ለወንድ “እንቆቅልህ”፣ ለሴት “እንቆቅልሽ” ይላል፤ መላሹም የጠያቂውን ማንነት አይቶ “ምን አውቅልህ” ወይም “ምን አውቅልሽ” ይላል። አራት ዓመት የሞላው ልጅ ከአጎቱና ከእኅቱ ጋር ተራ በተራ ሲጠያየቅ የአማርኛን ጾታ ያለ ሰዋስው መጽሐፍ ይለማመዳል። መልሱ ሲጠፋ “አገር ስጠኝ” ሲባልም ሌላ ትምህርት ይከፈታል፤ ሐይቅን ወይም ኮምቦልቻን ሰጥተውት “ደሴን ካልሆነ አልቀበልም” ብሎ የሚሟገት ልጅ ማግባባትን እየተማረ ነው። (ደሴን ለአንድ እንቆቅልሽ መስጠት ውድ ነው የሚሉ አዋቂዎችም አጋጥመውኛል።)

ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጦ ማድመጥ ነው። ቆርኪው ሲኒ ነው፣ ጭቃው ጀበና፣ ቅጠሉ ቄጠማ። አንዷ እናት፣ አንዷ ጎረቤት ትሆናለች፤ “አቦሉ አልፎብዎታል፣ ቶናው ላይ ደረሱ” ስትል ቅደም ተከተሉን ታውቃለች፤ አንቺ የነበረችው ጓደኛዋ እንግዳ ስለሆነች ብቻ አንቱ ተብላለች። ቡናው ሲያበቃ ምርቃት አለ፤ አንዱ ይመርቃል፣ ሌሎቹ “አሚን” ይላሉ። ወሎ በዚህ የታደለ አገር ነው። መንዙማውም ቢሆን አንዱ ያወጣል ሌላው ይቀበላል፤ ገና ያልተናገረ ሕፃን እንኳ በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ “አሚን” የሚባልበትን ቦታ ጠብቆ ድምፅ ያወጣል። መናገር ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ተራን ማወቅ ነው፤ ይህን ሕፃኑ ቃል ሳይኖረው ተምሮታል።

ስልኩ የሚያጎድለው ይኸው ተራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ምንም ዓይነት ስክሪን እንዳይታይ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ እንደሆነ መክሯል። እኔ ስለ ሰዓቱ ቁጥር ያን ያህል አልከራከርም። ስልኩ ይናገራል እንጂ አይጠብቅም፤ ልጁ “የለ” ቢለው “አዎ፣ የለችም” አይለውም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

“ይህ ሁሉ ጊዜ ላለው ነው” የሚለውን ወቀሳ አውቀዋለሁ። ከጎህ እስከ ምሽት ደፋ ቀና የምትል እናት፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የምትውል ነጋዴ ልጇን ለማጫወት የምትቀመጥበት ሰዓት የላትም። ግን የሸዋ በሯ አያት ሥራ ፈተው አልነበረም፤ ባቄላውን ለቅመው ጨርሰዋል። ሽንኩርት ሲላጥ “አስለቀሰኝ፣ አንተንስ?” ማለት፣ ልብስ ሲታጠብ “ይኼ የማን ነው? የአባባ ነው ወይስ ያንተ?” ማለት ከሥራው ደቂቃ አይቀንስም። አሻንጉሊት መግዛትም ግዴታ አይደለም። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ልማዳችን ነው፤ ዝም ያለን ልጅ ጨዋ፣ ጠያቂውን ለፍላፊ እንላለን፤ በተለይ አባቶች ከሕፃን ጋር መንበርከክን የሚያሳንስ ነገር አድርገን እናየዋለን።

ሌላው በወሎ በተደጋጋሚ የምሰማው ስጋት የሁለት ቋንቋ ነው። በከሚሴና በባቲ ልጁ ከእናቱ ኦሮምኛ፣ ከጎረቤት አማርኛ ይሰማል፤ በገበያ ቀን አፋርኛም ይደርሰዋል። በሰቆጣ ኽምጣኛ፣ በራያ በኩል ትግርኛ አለ። ንግግሩ የዘገየ እንደሆነ “ሁለት ቋንቋ ምላሱን አሰረው” ይባልና እናቲቱ በራሷ ቋንቋ ማውራቷን እንድታቆም ትመከራለች። ምክሩ ስሕተት ነው። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት አያመጣም፤ ልጁ ሁለቱን ቢቀላቅልም ጤነኛ ነገር ነው፤ የሚያውቃቸው ቃላት ሲቆጠሩም የሁለቱ ቋንቋ ድምር ነው መቆጠር ያለበት። እናት እንቆቅልሹንና እሹሩሩውን አሳምራ የምታውቀው አፏን በፈታችበት ቋንቋ ነው፤ ያንን ብትተወው ልጁ የሚያገኘው የተሰባበረ ወሬ ብቻ ይሆናል።

ጨዋታ ሁሉንም ይፈታል ማለቴ ግን አይደለም። ዓመት ሞልቶት በጣቱ የማያመለክትና “ባባ፣ ዳዳ” እያለ በድምፅ የማይጫወት፣ ዓመት ከአራት ወር ደርሶ አንድም ቃል የሌለው፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል የማያገጣጥም፣ በማንኛውም ዕድሜ ደግሞ ይናገር የነበረውን ያቆመ ልጅ ጤና ተቋም ሄዶ መታየት አለበት። በመጀመሪያ የሚመረመረው ጆሮው ነው፤ ጆሮው እየመገለ የሚፈስ ልጅ ከቃሉ ግማሹን ላይሰማ ይችላልና። አሁንም ድረስ “እንጥሉ ነው የያዘው” ተብሎ በምላጭ የሚቆረጥ ልጅ አለ። እንጥል ማስቆረጥ አፍ አይፈታም፤ የደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል። እዚህ ላይ ለጤና ባለሙያዎቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሕፃናት በ9 ወርና በ15 ወር ለኩፍኝ ክትባት ይመጣሉ፤ ክብደታቸው ይለካል፣ ካርዳቸው ላይ ይጻፋል። በ9 ወሩ “ከኋላው ሲጠሩት ይዞራል ወይ?”፣ በ15 ወሩ “የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል ወይ?” ተብሎ ቢጠየቅ ተጨማሪ በጀት አይፈልግም። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በጣም ጥቂት በሆነበት አገር እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከብዙ መዘግየት ያድናሉ።

መዋዕለ ሕፃናቱ ላይ ያለኝ ቅሬታ ከዚህ ይጠነክራል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በእናታቸው ጀርባ የተሰደዱ ሕፃናት አድገው በእነዚህ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል፤ አፋቸውን ሊፈቱ በሚገባቸው ወራት ዙሪያቸው ያለው አዋቂ ሁሉ የሚያወራበት ልብ አልነበረውም። የሚያገኙት ግን ደብተር ነው። የአራት ዓመት ልጅ እርሳስ ጨብጦ አንድን ፊደል ገጽ ሙሉ ይገለብጣል፤ እንግሊዝኛውም አጠገቡ ተደርድሯል፤ ወላጅም የትምህርት ቤቱን ጥራት የሚለካው በተሞላው ገጽ ብዛት ነው። መምህራኑን ብቻ አልወቅስም፤ ባዶ ደብተር ይዞ የተመለሰ ልጅ ወላጅ በማግስቱ ተቆጥቶ ይመጣባቸዋል። ፊደላችን በአብዛኛው አንዱ ሆሄ አንድ ተነባቢና አንድ አናባቢ አጣምሮ የያዘ በመሆኑ ቃልን በእጁ እያጨበጨበ መከፋፈል የለመደ ልጅ 231ዱ ሆሄያት ላይ ሲደርስ ጆሮው ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። ማጨብጨቡ ደግሞ ግቢ ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ ሲዘለልና ተረት ሲነገር የሚገኝ ነው። ከቀትር በፊት ካለው ጊዜ አንድ ሰዓት ለዕቃ ዕቃና ለእንቆቅልሽ ይሰጥ፤ መምህሯም መሬት ተቀምጣ እንግዳ ትሁን፣ ልጆቹ ቡና ያፍሉላት፣ “ተጫወቱ እንጂ፣ ምነው ዝም አሉ?” ይበሏት።