ሲሚንቶ የጭቃ ግድግዳን አያጠነክርም

«የወላጆቻችንን አሮጌ ጭቃ ቤት ስናድስ ውጩን በሲሚንቶ ብናስለስነው ዕድሜው ይረዝማል» የሚለውን ምክር ደጋግሜ እያነበብኩ ነው። በቅንነት እንደሚሰጥ አምናለሁ፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም።

ከእንጨት፣ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ግድግዳ በክረምት የሳበውን እርጥበት በበጋ በገጹ በኩል ያስወጣል። ሲሚንቶ ግትር ስለሆነ ከጭቃው ጋር አብሮ አይሰፋም፣ አይኮማተርም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃም መውጫ ያጣል። ውጩ አምሮ ሳለ ውስጥ ውስጡን ማገሩና ቋሚው ይበሰብሳሉ፤ ምስጥም ይከተላል። ባለቤቱ የሚነቃው ግድግዳው ሲያብጥ ነው፤ ያን ጊዜ ልስን ብቻ ሳይሆን እንጨት መቀየር ግድ ይሆናል።

ማጣራት ቀላል ነው። በሲሚንቶ የተለሰነ አሮጌ ጭቃ ቤት ፈልጉና ግድግዳውን ከጉልበት በታች በጣታችሁ አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከጭቃው ተላቋል። እዚያው ጥቂት ፈልፍላችሁ ቋሚውን በሚስማር ውጉት። ጤነኛ እንጨት ሚስማሩን ይመልሳል፤ የበሰበሰው ያለ ትግል ያስገባዋል።

ለእንዲህ ያለ ቤት የሚስማማው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ መርጎ፣ በደንብ ሲደርቅ ኖራ መቀባት ነው። ቀለል ያለ ውበት ለሚወድ ሰው ነጭ ኖራ ከየትኛውም ውድ ቀለም ይበልጣል ባይ ነኝ። ለሲሚንቶ የተመደበው ገንዘብ ለአሸንዳና ለውሃ መውረጃ ይዋል።