ለአንዲት እምቦጭ አርባ ካሜራ

ሰሞኑን ደግሞ እምቦጭ የተባለውን የውሃ አረም ሊነቅሉ የዘመቱት እንግዶቻችን ጣናን አድነውልን ሄዱ። ፎቶውን ሳታዩት አልቀራችሁም። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ይመጣብኛል፤ አንድ ዓይነት ቲሸርት፣ አንድ ዓይነት ኮፍያ፣ አንድ ዓይነት ፈገግታ። እግዜር ይስጥልን።

በተለይ ከፊት የቆሙት ሰውዬ ልዩ ምስጋና ይገባቸዋል። ቦቲያቸው ገና ከካርቶን መውጣቱ ነው፤ የዋጋው ወረቀት ተረከዙ ላይ አለ። ጓንታቸው ነጭ ነው። አንዲት እምቦጭ ከነአበባዋ ጨብጠዋል። እሳቸው አልነቀሏትም፤ አንድ ጎረምሳ ነቅሎ፣ ጭቃዋን አጥቦ ነው ያቀበላቸው። ቪዲዮው ላይ ይታያል። መጀመሪያ በግራ ያዟት፤ ፀሐይዋ አልተመቸችም። በቀኝ አዞሯት። ካሜራማኑ "ትንሽ ከፍ" አለ፤ ከፍ አደረጉ። "ወደ ውሃው ይዩ" አለ፤ አዩ። "አሁን እንደሚነቅሉ ይሁኑ" ሲባል እምቦጯ ተመልሳ ውሃ ውስጥ ገባች። እንደገና ተነቀለች። ድሮኑ ሲመጣ ለሦስተኛ ጊዜ ተነቀለች። የእሷን ያህል የተነቀለ እምቦጭ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ቃለ መጠይቁ ላይም አልተለያዩም፤ "ጣና የሁላችንም ነው" እያሉ በእሷ ይጠቁማሉ። በኋላ የት እንደሚጥሏት ግራ ገባቸው መሰለኝ፣ ዳር ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጧትና ወደ ምሳ ሄዱ።

እምቦጭ ምሳ ሰዓት የላትም። ትውልዷ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ጣና ላይ መኖሯ በይፋ ከታወቀ ከ10 ዓመት በላይ አልፏል። ከተመቻት በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ትሆናለች። ዘሯ ደለል ውስጥ ለዓመታት ይተኛል። ዳር ላይ የተከመረውንም ክረምት ሲመጣ ውሃው መልሶ ይወስደዋል። ስለዚህ ለቀጣዩ ዘመቻ አንሰጋም፤ የሚነቀል አይጠፋም።

ከሰዓት በኋላ እንደተለመደው ዎርክሾፕ አለ። ርዕሱ የረግረጋማ መሬት አጠባበቅ፣ ቦታው ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል። ሻይ የሚጠጣበት ሣር ትናንት ደንገል የነበረበት ነው። ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከየማሳው ጠርገው የሚያመጡትን ደለልና ማዳበሪያ ያጣራ የነበረው ያ ደንገል ነው። እሱ ሲመነጠር ማዳበሪያው በቀጥታ ለእምቦጭ ቀለብ ሆነ። የሆቴሉ ፍሳሽ በየት በኩል እንደሚሄድ የጠየቀ ጋጠወጥ ግን የለም። ጨዋ ስብሰባ ነው።

ቀልዱን ልተወውና፣ ያናድዳል! የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በባዶ እጁ ሲጎትት ስንት ክረምት አለፈው። ቦቲ የለው፣ ጓንት የለው። አልቅት አለ፣ ቢልሃርዚያ አለ። ማሽን መጣ ተብሎ ተጨበጨበ፤ ማሽኑ ቆሞ ሲታይ ደግሞ ያው ገበሬ ተጠራ። እናንተ እሱ ያወጣው ክምር ላይ ወጥታችሁ ፎቶ ስትነሱ፣ "ወንድም፣ ትንሽ ዞር በልልን" ይባላል? ምን ዓይነት ዓይን አውጣነት ነው!

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ባነሩም በዚያው ልክ ሰፍቷል። እኔም አንድ ሐሳብ ላዋጣ። የፕላስቲክ እምቦጭ ይሠራልን። ትታጠባለች፣ አትደርቅም፣ ደጋግማ ትነቀላለች። እንግዶቻችንም እስከ ሐይቁ ድረስ አይንገላቱ፤ እዚሁ አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ይንቀሏት። አበሉ ግን በባሕር ዳሩ ይታሰብላቸው።