ወተቱ ወደ ሆድ፣ አቧራው ወደ ሳንባ

በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት የእብነ በረድና የግራናይት መቁረጫ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው ሁለት ነገር ያያል። አንደኛው ከቅንድባቸው እስከ ጫማቸው ነጭ የለበሱ የሚመስሉ ወጣቶች ናቸው። ሁለተኛው ረፋዱ ላይ የሚታደለው የላስቲክ ወተት ነው፤ ለአንድ ሰው ግማሽ ሊትር። ወጣቱ አፉን የጠመጠመበትን ሻርፕ ወደ አገጩ ዝቅ ያደርግና የላስቲኩን ጫፍ በጥርሱ ቀዶ ቆሞ ይጠጣዋል። ለምን እንደሚጠጣ ቢጠየቅ «አቧራውን ያጥባል» ይላል፤ አሠሪውም፣ የቡድን መሪውም፣ ቤት ያለችው እናቱም የሚሉት ይህንኑ ነው።

አያጥብም። በቀለም ፋብሪካ፣ በሲሚንቶ ጫኞች ዘንድ፣ በጋራዥና በብየዳ ቤት የሚሰማው ይህ እምነት ከመቼ ጀምሮ እንደኖረ እግዜር ይወቀው። ጉዳቱ ግን ከዓይን የተሰወረ አይደለም። ወተት የገባበት መሥሪያ ቤት ግዴታውን እንደተወጣ ስለሚቆጥር አቧራውን ከምንጩ የሚያስቀረው ነገር ሳይገባ ይቀራል።

የድንጋዩን ነገር ከሥሩ እንየው። ግራናይት እንደየዓይነቱ ቢለያይም ሲሶ ያህሉ ኳርትዝ፣ ማለትም ክሪስታል ሲሊካ ነው። በደረቁ ሲቆረጥ ከሚነሳው አቧራ መካከል ዓይን የሚያየው፣ ቅንድብ ላይ የሚያርፈውና በንፍጥና በአክታ የሚወጣው ትልቁ ነው፤ እሱ ያን ያህል አያሰጋም። የሚያሰጋው ስፋቱ ከ4 ማይክሮን የሚያንሰው ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል። ይህ ደቃቅ አቧራ የአፍንጫን ጠጉርም የመተንፈሻ ቱቦን ዝልግልግ ፈሳሽም አልፎ፣ ኦክስጅን ወደ ደም እስከሚሻገርባቸው የአየር ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል።

እዚያ የሚቀበለው ማክሮፌጅ የሚባል ሕዋስ ነው። ሥራው የገባውን ባዕድ ነገር ውጦ ማብላላት ነው። ባክቴሪያ ሲገጥመው አብዛኛውን ጊዜ ይሳካለታል። ሲሊካን ግን ቢውጠውም አያብላላውም። ቅንጣቱ በሕዋሱ ውስጥ አሲድና ኢንዛይም የታቆረበትን ትንሽ ከረጢት ይበሳዋል፤ ያ ፈሳሽ ወደ ሕዋሱ አካል ይፈስሳል፤ ሕዋሱም የድረሱልኝ ጥሪ የሆኑ ኬሚካሎችን ረጭቶ ይሞታል። ቅንጣቱ እንዳለ ይወጣል። ሌላ ማክሮፌጅ መጥቶ ይውጠዋል፤ እሱም ይሞታል። ጥሪው በተደጋገመ ቁጥር ሌሎች ሕዋሳት ይሰበሰቡና የቆሰለውን ቦታ በጠባሳ ይደፍኑታል። ጠባሳ ደግሞ አይለጠጥም፣ አየርም አያሳልፍም። ሲሊኮሲስ የሚባለው በሽታ ይህ ነው። ፈውስ የለውም፤ ሠራተኛው ድንጋይ መቁረጥ ከተወ በኋላም በሽታው ሊገፋ ይችላል፤ ቅንጣቱ ከሳንባው አልወጣማ።

ወተቱስ? በጉሮሮ ወርዶ ጨጓራ ይገባል፤ ከዚያ ወደ አንጀት ያልፋል። ወደ አየር ከረጢቶች የሚያደርሰው መንገድ የለም፤ ቢኖርማ ኖሮ ሰውየው በመጀመሪያው ጉንጭ ታንቆ ይሞት ነበር። የደረቀ ጉሮሮ ማለስለሱ እውነት ነው። ሻይም ያለሰልሳል።

ወተትን የሚደግፍ አንድ ክርክር ግን አለ፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ጉዳዩ በባትሪ ውስጥ የሚገኘው እርሳስ የሚባለው ብረታ ብረት ነው። እርሳስ በሰውነታችን ውስጥ የካልሲየምን መንገድ ተከትሎ ይሄዳል። ካልሲየምና ከምግብ የሚገኘው የብረት ማዕድን (አይረን) ያነሰው ሰው አንጀቱ የሚቀበለው የእርሳስ መጠን ይጨምራል፤ ስለዚህ እጁን ሳይታጠብ ምሳውን ለሚበላ የባትሪ ሠራተኛ ጥሩ ምግብ ማግኘቱ ጥቂት ሊከላከልለት ይችላል። ወተት የሚያስመሰግነው ነገር ይኸው ነው፤ ከዚህ አያልፍም። በከሰል እሳት ላይ የአሮጌ ባትሪ እርሳስ የሚያቀልጠው ሰው ጭሱንና ብናኙን ይተነፍሰዋል። ወደ ሳንባ ጥልቅ የደረሰ ደቃቅ የእርሳስ ብናኝ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ደም ይገባል፤ በአንጀት በር ላይ የቆመው ካልሲየም አያገኘውም።

ደም ውስጥ ከገባ በኋላ የሚሠራው ተንኮል የረቀቀ ነው። የደምን ቀይ ቀለም ለመሥራት የሚያስፈልገው ኢንዛይም በዚንክ ነው የሚሠራው፤ እርሳስ ዚንኩን አስለቅቆ ቦታውን ይይዝና ኢንዛይሙን ያቆመዋል። ጋራዥ ውስጥ «ደም አነሰኝ» የሚለው ሰው ሁሉ ጎመን ስላልበላ አይደለም። በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ደግሞ ካልሲየም ነኝ ብሎ ገብቶ መልእክታቸውን ያዛባል። የቀረው አጥንት ውስጥ ይከማችና ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። ሴት ስታረግዝ ከአጥንቷ ካልሲየም ወደ ፅንሱ ሲሄድ እርሳሱም አብሮ ይሄዳል። በጅማ ከተማ በጋራዥ ሠራተኞች ላይ ተጠንቶ በፈረንጆቹ 2012 የታተመ ሥራ፣ በደማቸው ያለው እርሳስ ጋራዥ ከማይሠሩት እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የባጃጁና የሶላሩ ባትሪ ምን ያህል እንደበዛ ማንም ያየዋል፤ አሮጌውን ቆራሌው ሰብስቦ የት እንደሚያደርሰው ግን የሚጠይቅ የለም።

መጠየቅ ያለበት ለምን እንደሆነ ሴኔጋል አስተምራለች። በዳካር ዳርቻ በምትገኘው ቲያሮዬ ሱር ሜር፣ ነዋሪዎች ከባትሪ መፍቻ ሥፍራ የተረፈውን እርሳስ የያዘ አፈር እየነፉ ይሸጡ ነበር። በፈረንጆቹ 2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። ከሞቱት አንድም የባትሪ ሠራተኛ አልነበረም። አቧራው በልብስ፣ በጫማና በእጅ ቤት ይገባል፤ ወተቱን የሚጠጣው ግን ሠራተኛው ብቻ ነው።

ይህን የወተት ነገር እኛ ብቻ አልያዝነውም። በሶቪየት ኅብረት ለጎጂ ሥራ በፈረቃ ግማሽ ሊትር ወተት መስጠት በሕግ የተደነገገ ነበር፤ ሩሲያ ውስጥ ዛሬም አልቀረም። ለምን እንደሚወደድ ይገባኛል። በእጅ የሚጨበጥ ነገር ነው፤ ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ግማሽ ሊትር ወተት ቀላል አይደለም፤ አንዳንዱም ሳይከፍተው ለልጁ ይዞት ይሄዳል (ይህን ሲያደርግ ያየሁትን ሰው ልወቅሰው አልችልም)። ለሠራተኛ ማኅበር በኅብረት ስምምነት ያስገኘው ድል ነው። ለአሠሪው ደግሞ ከአቧራ መሳቢያ ማሽን እጅግ ይረክሳል። ሁሉም ደስ ያለው ስምምነት ስለሆነ ማንም አይነካውም።

ጭምብልም ከወተት ብዙ የማይሻልበት ጊዜ አለ። ሻርፕና ከኮቪድ ዘመን የተረፈው ሰማያዊ ጭምብል ደቃቁን አቧራ አያስቀሩም፤ አየሩ በጉንጭ በኩል ባለው ክፍተት ይገባል። ደቃቅ ብናኝ እንዲያጣራ የተሠራው ጭምብል እንኳ ፊት ላይ ካልገጠመ፣ ወይም ሰውየው ጢም ካሳደገ፣ ዋጋው ይወርዳል። አሜሪካ በፈረንጆቹ 2016 ያወጣችው የሥራ ቦታ ገደብ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮግራም ሲሊካ ነው። ሠራተኛ በአንድ ፈረቃ 10 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይተነፍሳል ብንል፣ በሙሉ ቀን የተፈቀደለት ግማሽ ሚሊግራም፣ ከአሥር የማይበልጡ የገበታ ጨው ቅንጣቶች የሚመዝን መሆኑ ነው። በደረቁ የሚቆረጥ ግራናይት አጠገብ ቆሞ ከዚህ በታች መዋል አይቻልም።

መፍትሔው አዲስ አይደለም፤ ውሃ ነው። እናቶቻችን የአፈር ወለል ሳይጠርጉ ውሃ የሚረጩት አቧራው እንዳይነሳ ነው፤ የድንጋይ ምላጩ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃም ሥራው ያው ነው፣ አቧራውን ገና ሳይነሳ ይይዘዋል። «ውሃ በፈረቃ ነው» የሚል ሰበብ ይመጣል። ውሃው በገንዳ ጠልሎ ተመልሶ ይሠራል፤ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ዝቃጩ ደርቆ እንደገና በመጥረጊያ እንዳይነሳ ነው። በተለይ ለወጥ ቤት መደርደሪያ የሚፈለገው ሰው ሠራሽ ድንጋይ እየተስፋፋ ሲሄድ ነገሩ ይብሳል፤ ከ90 በመቶ በላይ ሲሊካ የያዘ ዓይነት አለውና። እስራኤል ውስጥ ይህንን ድንጋይ ሲቆርጡ ቆይተው ሳንባቸው ይቀየር እንደሆነ ለመመርመር የተላኩ 25 ሰዎችን ታሪክ ሐኪሞች በፈረንጆቹ 2012 አሳትመዋል። አውስትራሊያ ደግሞ ከፈረንጆቹ ሐምሌ 2024 ጀምሮ ድንጋዩን ጨርሳ አግዳለች። ሀብታም አገር፣ ጥሩ ጭምብልና ተቆጣጣሪ እያላት፣ አልቻልኩትም ብላ ነው ያገደችው።

እኛ ጋ አዋጁ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያሳውቅ፣ መከላከያ እንዲያቀርብና አደገኛ ሥራ ላይ ያለውን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። ግን ድንጋይ ቆራጩ የቀን ሠራተኛ ነው። ዛሬ እዚህ፣ ከርሞ ሌላ ሰፈር፣ ከአምስት ዓመት በኋላ አገሩ ገብቶ እርሻ ላይ ነው። ሳሉ የሚጀምረው ከአሥር ዓመት በኋላ ሲሆን ከሳሽም ተከሳሽም የለም። በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች ካሳ በፍርድ ቤት የጸደቀው በፈረንጆቹ 2019 ነው፤ ከተካሾቹ መካከል ከ1965 ጀምሮ የሠሩ ይገኙበታል።

ሳሉ ሲጀምር ደግሞ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ስም ብዙ ጊዜ ሳንባ ነቀርሳ ነው። አያስገርምም። ሳል፣ ክብደት መቀነስ፣ በራጅ ላይ በላይኛው የሳንባ ክፍል የሚታይ ጥላ፣ ሲሊኮሲስንና ነቀርሳን ያመሳስላቸዋል። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ መቻላቸው ያከብደዋል፤ ሲሊካ የጨረሳቸው ማክሮፌጆች የነቀርሳውን ባክቴሪያ መግጠም የነበረባቸው ናቸውና። ጣሊያናዊው ሐኪም ራማዚኒ በፈረንጆቹ 1700 ሐኪሞች በሽተኛውን ሥራው ምን እንደሆነ እንዲጠይቁ መክሮ ነበር። የስድስት ወር መድኃኒት ጨርሶ ሳሉ ያልለቀቀውን ሰው «ድንጋይ ትቆርጥ ነበር ወይ?» ለማለት ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቅም፤ በካርዱ ላይ አንድ መስመር ይበቃል።

ለሠራተኛ ማኅበራት ያለኝ ሐሳብ ወተቱን ተዉት የሚል አይደለም፤ የተራበ ሰው ምግቡን አይቀማም። ከደህንነት አንቀጽ አውጡትና ከምሳ አበሉ ጎን ጻፉት። ያኔ የደህንነቱ አንቀጽ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ባዶ ሆኖ ይታያል። በሚቀጥለው ድርድር ባዶው ቦታ ላይ ማሽኑ ላይ የሚገጠም የውሃ ቧንቧ፣ የሥራ ልብስ የሚታጠብበትና የሚቀየርበት ክፍል፣ በየጊዜው የሚነሳ የደረት ራጅ፣ እርሳስ ለሚነኩት ደግሞ የደም ምርመራ ይግባበት፤ ውጤቱም በአሠሪው መሳቢያ ሳይሆን በሠራተኛው እጅ ይቀመጥ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ከተማ ለሚያገኘው ሐኪም የሚያሳየው ወረቀት እንዲኖረው።