ቅርጫ ለፋሲካ ብቻ ነው እንዴ?

ጎረቤቶቼ፣ ዛሬ ቆጣ ልልባችሁ ነው። ግን ከራሴ ብጀምር ይሻላል።

አንድ እሁድ ጠዋት ከእሁድ ገበያ 5 ኪሎ ሽንኩርት፣ 2 ኪሎ ቲማቲምና አንድ ጥቅል ጎመን ገዝቼ፣ በማዳበሪያ አንጠልጥዬ ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ እየወረድኩ ነበር። ከፊት ለፊቴ የድሮ አለቃዬ ብቅ አሉ። ሱፍ ለብሰዋል። እኔ ምን አደረግኩ? ማዳበሪያውን ከኋላዬ ሸጎጥኩት። ልጅ የዳርኩ ሰው፣ ሽንኩርት እንደ ሰረቀ ማቲ! እሳቸውም ቀኝ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው በግራቸው ጨበጡኝ። ገረመኝ። ተሰነባብተን ጥቂት እንደሄድኩ ዞር አልኩ። ከኋላቸው ጥቁር ፌስታል ተንጠልጥሏል፤ ባሮ ሽንኩርት ጫፉን አውጥቶበታል።

በርካሽ መግዛት ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነብን?

ኑሮ ተወደደ ስንል ውሸታችንን አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ብር አቅሙን አጥቷል። ከውጭ የሚገባው ሁሉ ያንን ተሸክሞ ነው ሱቅ የሚደርሰው። ይህን የሚመለከታቸውን እንጠይቅ፤ መብታችን ነው። እኔ ዛሬ የምቆጣው በእጃችን እያለ ስላልነካነው ነገር ነው።

የመሀል ከተማ ሰው ችግሩ ሌላም ነው። አትክልት ተራ እዚህ ፒያሳ፣ አፍንጫችን ስር ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ወደ ጃንሜዳ ሄደ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ደግሞ ስንቱ ጉሊት አብሮ ተበተነ። ቲማቲም የምትመርቅልን፣ «ነገ ትሰጠኛለህ» የምትለን ሴትዮ ዛሬ የት እንዳለች እንኳ አናውቅም። አሁን ሽንኩርቱ በደላላው፣ በጅምላ ሻጩና በቸርቻሪው እጅ አልፎ፣ ሁሉም የድርሻውን ጨምሮበት ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። ለ3 ኪሎ ብላችሁ ብቻችሁን ኃይሌ ጋርመንት ብትወርዱ ደግሞ ታክሲው ትርፉን ይበላዋል።

ብቻችሁን ነው ያልኩት።

የፋሲካ ለት ማለዳ እኛ ግቢ ምን እንደሚሆን አስቡት። 10 ሰው ገንዘብ አዋጥቷል። በሬ የሚያውቁት 2 ሰዎች ቀደም ብለው ገበያ ተልከው፣ ሻኛውን ዳብሰው፣ ተከራክረው ነድተው አምጥተዋል። ይታረዳል። የኮባ ቅጠል ይነጠፋል። ከጎድኑም፣ ከሽንጡም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ለሁሉም እኩል እየተቆረሰ 10 መደብ ይደለደላል። አንዱ መደብ ያነሰ ሲመስል ከሌላው ቁራጭ ተነስቶ ይጨመርበታል። ከዚያ ዕጣ ይወጣል። «አጥንት በዛብኝ» የሚል አይጠፋም፤ ተስቆበት ያልፋል። ደረሰኝ የለ፣ ውል የለ፣ የተካካደ ሰው ግን አላየሁም።

ይህን የሚችል ሰው፣ በሳምንቱ ጤፍ ሲያልቅበት ለብቻው 5 ኪሎ ዱቄት ከሱቅ ይገዛል። ያውም ምን እንደተቀላቀለበት ሳያውቅ! እንዴት ነው ነገሩ? ለሞታችን እድር አለን፤ ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ አግዳሚው ሳይቀር ተሟልቷል። ለእንጀራችን ሲሆን ግን እያንዳንዳችን በራችንን ዘግተን ባይተዋር ነን።

ለ5 ቤት አንድ ኩንታል ጤፍ እያንዳንዱ ቤት 20 ኪሎ ይደርሰዋል ማለት ነው። መርካቶ እህል በረንዳ 2 ሰው ይሂድ። የተሸካሚውና የመኪናው ሒሳብ ለ5 ሲካፈል ያን ያህል አይከብድም። የሚላከው ግን ጤፍ የሚያውቅ ይሁን። እኛ ግቢ ምድር ቤት ያሉት እትዬ ከኬሻው አንድ እፍኝ ያነሳሉ። ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጡ እፍ ይሉበታል፤ ገለባው ይበናል። ትንሽ ቆንጥረው ጥርሳቸው ላይ ያደርጉታል፤ አሸዋ ካለው ወዲያው ይናገራል። እኔን «ማኛ ነው» ብሎ ሰርገኛ ሸጦልኝ የሚያውቅ ነጋዴ እሳቸውን አያታልልም። ይህን እውቀት ከታች አስቀምጠን፣ ከላይ ፎቅ ላይ በዱቄት እንቸገራለን።

የሸማቾች ማኅበራችንስ? የብዙዎቻችን አባልነት መታወቂያ መሳቢያ ውስጥ ነው። ማኅበሩ የአባላቱ ነው፤ ኮሚቴውን የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ጉባኤ ሲጠራ ልብስ ማጠብ ያምረናል። በኋላ መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ጮኸን እናወራለን። ሄዳችሁ እዚያው ጩኹ እንጂ!

ስለ ወሬ ደግሞ ልንገራችሁ። «ዘይት ሊጠፋ ነው» ተባለ ሲባል 3 ጀሪካን አዝሎ የሚገባ ሰው ከመካከላችን አለ። ሱቁን ባዶ ያደረገው እሱ ነው፤ ዋጋውን ያስጨመረውም እሱ ነው። አልጋ ስር ከርሞ የሸተተ ዘይት አይቻለሁ፤ የማን ቤት እንደሆነ አልናገርም። አስቀምጠን እንግዛ ካላችሁ በወቅቱ ይሁን። በርበሬውን ዛላው ከማሳ ሲገባ፣ ሽንኩርቱንም ዝናብ ሳያበላሸው። ሽምብራውንም የሁዳዴ መያዣ ሰው ሁሉ ሽሮ ፍለጋ ሳይወጣ ገዝታችሁ፣ ቆልታችሁ አስፈጩት። ደግሞ ሲመዘንላችሁ ስልካችሁን አስቀምጡና ሚዛኑን እዩ።

እኔ ለጤፉ 3 ቤት አግኝቻለሁ፤ ከእኔ ጋር 4 ሆነናል። አምስተኛውን ስፈልግ የድሮ አለቃዬ ትዝ አሉኝ፤ ቤታቸው እዚሁ ቀበና ነው። ደወልኩላቸው። ስለ ጤፉ ገና ሳልጨርስ አቋረጡኝ።

«ቆይ፣ ያን ዕለት ማዳበሪያው ውስጥ ምን ነበር?»

«ሽንኩርት ነው ጋሼ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በስንት ገዛኸው?»