አባቢ ተኝቶ ነበር

ጉዴ የጀመረው ሰኞ ጠዋት ነው። የማሙሽ አስተማሪ፣ ሚስ፣ ሰኞ ሰኞ ልጆቹን ክብ አድርጋ ታስቀምጥና «ቅዳሜና እሁድን እንዴት አሳለፋችሁ?» ብላ ትጠይቃለች። አንዷ ዋና ሄድኩ አለች። አንዱ ብስክሌት ነዳሁ አለ። የኔው ልጅ ተራው ሲደርስ ተነስቶ «አባቢ ተኝቶ ነበር» አለ። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። «ከዛ ተነሳ። ከዛ ኳስ አየ። ከዛ ተኛ።»

ሚስ ለሚስቴ ነገረቻት። ሚስቴ ደግሞ ራት ላይ፣ እናቴ ባለችበት ዘረገፈችው።

ከሰኞ እስከ አርብ በታክሲ ሰልፍና በአለቃ መሀል የሚሰነብት ሰው ቅዳሜ ጋደም ቢል ምን ያስደንቃል? ላስረዳ ሞከርኩ። «ልጆች እኮ አክቲቭ ነገር ይፈልጋሉ» አለች ባለቤቴ። ይቺ «አክቲቭ» የምትባል ቃል ቤታችን የገባችው በቲክቶክ በኩል ነው። እኛ ስናድግ አክቲቭ ልጅ ማለት ቶሎ ቶሎ የሚገረፍ ልጅ ነበር።

ለመሆኑ እኛን ማን አዝናናን? ጠዋት «ውጡልኝ፣ ቤቱን አታተራምሱብኝ» እንባላለን። ከዚያ ብይ፣ ቆርኪ፣ የጨርቅ ኳስ፣ ሰኞ ማክሰኞ። ሲመሽ አንዷ እናት በራፍ ላይ ቆማ የልጇን ስም ስትጠራ ሁላችንም እንበተናለን። በጀቱ ዜሮ ነው። አሁን ያ ሜዳ ላይ ፎቅ ቆሟል። እኛም ፎቁ ላይ ወጥተን እንኖራለን። ማሙሽ ሳሎን ውስጥ ትንሽ ከሮጠ የታችኛው ቤት ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድባል። ስለዚህ ልጅ ለማስሮጥ ገንዘብ ይዘን እንወጣለን።

ቅዳሜ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ሄድን። እናቴም አብራን መጣች። ልጆቹ «እቴቴ» ነው የሚሏት፤ አሁን እኛም እንደዚያው ነው የምንጠራት። ድንቅነሽ ጋ ስንደርስ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ማታ አጥንቼ ነበር።

«ይቺ ድንቅነሽ ናት። በ1967 ዓ.ም. ህዳር ላይ አፋር፣ ሀዳር ተገኘች። የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው።»

ማሙሽ መስታወቱን ተጠግቶ ቁመቷን ከራሱ ጋር ለካ። «ከኔ እኩል ናት። ልጅ ናት?»

«አይደለችም። ትልቅ ሴትዮ ናት።»

«ታዲያ ምግቧን ለምን አልበላችም?»

ይሄ የባለቤቴ ሥራ ነው። ሁልጊዜ «ካልበላህ አታድግም» ትለዋለች። ሳይንሱን ላብራራ ስል እቴቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከንፈሯን ስትመጥ ሰማኋት። «ምስኪን! ቀባሪ ዘመድ አጣች?»

«እቴቴ፣ ሁላችንም ዘመዶቿ ነን እኮ።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም።

«እና ዘመዷ ሆናችሁ ነው ቆማችሁ የምታዩዋት?»

መልስ ሳልሰጥ ትንሿ ልጄ «ሽንቴ መጣ» አለች። የሦስት ዓመት ልጅ ሽንት ሲመጣ ታሪክም ሳይንስም ቦታ ይለቃል። እሷን ብብቴ ስር ሸጉጬ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። የሳምንቱ ዋናው አክቲቭ ነገር እሱ ነበር።

ከሰዓት ልደት ነበረብን። የልደት ነገር ራሱን የቻለ ወግ ስለሆነ አልነካውም። ብቻ ጃምፒንግ ላይ ሁለት ካልሲ ይዘን ወጥተን በአንድ ተመለስን።

እሁድ እንጦጦ ፓርክ። በጠዋት ወጥተን ጥሩ እየሄድን ነበር፣ ሽሮ ሜዳ እስክንደርስ። ባለቤቴ «አንድ ደቂቃ፣ ለእህቴ ሰርግ የሚሆን ቀሚስ ዋጋ ብቻ ልጠይቅ» ብላ ወረደች። ሽሮ ሜዳ ላይ ዋጋ ብቻ ጠይቆ የተመለሰ ሰው አላውቅም። እቴቴም «ጥለቱን ልይላት» ብላ ተከተለቻት። እኔና ልጆቹ ጥግ ይዘን ቆሎ ስንቆረጥም አርባ ደቂቃ አለፈ። ቀሚሱ አልተገዛም። ጥለቱ አልተወደደም።

እንጦጦ ከባህር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ምኒልክና ጣይቱ መጀመሪያ ከተማቸው እዚያ ላይ ነበር። ብርዱ ከባድ፣ ማገዶው እያለቀ፣ እቴጌይቱም ፍል ውሃውን ወደዱና በ1879 ዓ.ም. ታች ሜዳው ላይ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ነገሥታቱ ጥለውት የወረዱትን ተራራ እኔ ለዚሁ ብዬ በገዛሁት ስኒከር እወጣዋለሁ። ያውም ትንሿ «አባቢ፣ እሽኮኮ» ብላ ትከሻዬ ላይ ተቀምጣ፣ በሁለት እጇ ጆሮዬን እንደ ልጓም ይዛ። ሃያ እርምጃ ሳልሄድ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ባለቤቴ ከፊት ሆና ቪዲዮ ትቀርጻለች። «ፈገግ በል እንጂ!»

ማሙሽ ፈረስ አየና ካልተቀመጥኩ አለ። እቴቴ እንደሚከፈልበት ስትሰማ ቆማ ቀረች። «ፈረስ ላይ ለመውጣት? እኔ እኮ ፈረስ ሰልችቶኝ ነው አዲስ አበባ የገባሁት።» ከፍለን አወጣነው። ገና አንድ ዙር ሳይሞላ «አውርዱኝ» ብሎ አለቀሰ። ካወረድነው በኋላ ደግሞ «መልሱኝ» ብሎ አለቀሰ።

አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ሁለት እናቶች ከወገባቸው ጎንበስ ብለው የባህር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል ይወርዱ ነበር። ሸክሙ ከነሱ ይሰፋል። ባለ ስኒከሮቹ በዚህኛው ጠርዝ እየሮጡ ይወጣሉ፣ እነሱ በዚያኛው ይወርዳሉ። ማሙሽ ለቅሶውን አቁሞ አያቸው።

«አባቢ፣ እነሱም አክቲቭ ናቸው?»

እኔ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። እቴቴ መለሰችለት። «አዎ የኔ ልጅ። ከአባትህ ይበልጣሉ።»

ከዚያ ዛፍ ስር ጋቢ አነጠፍን። እቴቴ ከዘንቢሏ ድፎ ዳቦና ሻይ በፔርሙዝ አወጣች። ልጆቹ ቺፕስ ብለው ትንሽ አኮረፉ፣ ከዚያ ዳቦውን ጨረሱት። ማሙሽ ሁለት የማያውቃቸው ልጆች አግኝቶ የባህር ዛፍ ፍሬ እየለቀመ እንደ ብይ መጫወት ጀመረ። ማንም አላስከፈለም። ፀሐዩ ለስለስ ያለ ነበር። ለአንድ ደቂቃ ጀርባዬን ሳር ላይ አሳረፍኩ።

ሰኞ ማታ ማሙሽ ትምህርት ቤት የሣለውን ሥዕል ይዞ መጣ። የለፋሁበትን ሁለት ቀን ወረቀት ላይ ለማየት ቸኮልኩ። ፈረስ አለ፤ አምስት እግር ነው ያለው። እቴቴ ከነዘንቢሏ አለች። ድንቅነሽም አለች፤ ዳቦ አስይዟታል። እታች፣ ከወረቀቱ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ወፍራም ቡናማ መስመር ተሰምሯል።

«ይሄ ወደ እንጦጦ የሚወስደው መንገድ ነው?»

«አይደለም» አለ ማሙሽ። «አንተ ነህ።»