ዴይተንን ማን ያውቀዋል?

የክርክሩ ርዕስ፦ የቢግ ኢስት የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ኮንፈረንስ (እርስ በርስ የሚጫወቱ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር) ባሉት 11 አባላት ላይ የዴይተንንና የሴንት ሉዊስን ዩኒቨርሲቲዎች ይጨምር ወይስ አይጨምር? «አይጨምር» የሚሉት ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የኖሩ፣ ከአባላቱ አንዱ የሆነው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ደጋፊ ናቸው። «ይጨምር» የሚለው በኦሃዮ፣ ኮሎምበስ የሚኖር የጭነት መኪና አሽከርካሪ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የዋሽንግተኑ፦

እኔ ይህን ኮንፈረንስ ያወቅሁት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ ትኬት የምቆርጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረች። እንግሊዝኛዬ ገና ስብርብር ያለ ነበር፤ የጆርጅታውኑ አሰልጣኝ ጆን ቶምሰን ነጭ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲቆም ግን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። በ1984 ጆርጅታውን ሂውስተንን 84 ለ75 ሲረታ፣ ቶምሰን የአገሪቱን የኮሌጆች ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ ሆነ። በዓመቱ ለዚሁ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ከደረሱት አራት ቡድኖች ሦስቱ የቢግ ኢስት ቡድኖች ነበሩ። ለፍጻሜ የገጠመን ቪላኖቫ 28 ጊዜ ወርውሮ 22ቱን አስቆጠረና 66 ለ64 አሸነፈን። እስከ ዛሬ ያመኛል።

የሚያመኝ ስለምንተዋወቅ ነው። ዛሬም አባላቱ 11 ስለሆኑ እያንዳንዱ ከ10ሩ ጋር ደርሶ መልስ ይገጥማል፤ 20 ጨዋታ። 13 ቢሆኑ 24 ይመጣል። በዓመት ካለው 31 ገደማ ጨዋታ ላይ 24 ከተነሳ ለሌላው ምን ተረፈ? ስለዚህ የሚሰረዘው ደርሶ መልሱ ነው። ኮንፈረንስ እንደ እድር ነው፤ የሚጸናው አባሉ የአባሉን ደጅ ሲያውቅ ነው። ዴይተንን ማን ያውቀዋል?

የኮሎምበሱ፦

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ «ዴይተንን ማን ያውቀዋል?» የሚለውን ሳነብ ቡናዬን አስቀመጥኩ። 70 እና 75 አውራ ጎዳናዎች የሚገናኙት እዚያ ጋ ስለሆነ እኔ በሳምንት ሁለቴ አልፍበታለሁ። የራይት ወንድማማቾች ከተማ ነው፤ ከዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስተው አገር ቤት ሲገቡ ያመሰግኗቸዋል ብዬ እገምታለሁ። የቦስኒያ ጦርነት ማብቂያ ስምምነት በ1995 የተደረሰውም እዚያው ነው። የማርች ማድነስ፣ ማለትም በመጋቢት የሚጀመረው ብሔራዊ የኮሌጆች ውድድር፣ መክፈቻ የሆነው ፈርስት ፎር በየዓመቱ የሚካሄደው በዴይተን አዳራሽ ነው። ከ13 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው ያ አዳራሽ ማክሰኞ ማታም ቢሆን ይሞላል። የእናንተስ 20 ሺህ የሚይዘው የቻይናታውኑ አዳራሽ? ባዶ ወንበሮቹን በቴሌቪዥን እያየሁ ቀለማቸውን ለይቻለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በ2024 ከ11ዱ የቢግ ኢስት ቡድኖች ወደ ብሔራዊው ውድድር የተጠሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ዩኮን (የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ)፣ ማርኬትና ክሬይተን። ሴተን ሆል፣ ሴንት ጆንስና ፕሮቪደንስ ደጅ ቀሩ። በ2025 ኤስኢሲ የሚባለው ሌላ ኮንፈረንስ ከ16 አባላቱ 14ቱን አስገባ። እነዚያ በአሜሪካን ፉትቦል ገንዘብ ያበጡ ናቸው፤ የእኛዎቹ ያላቸው ቅርጫት ኳስ ብቻ ነው። በቅርጫት ኳስ ብቻ የሚኖር ደግሞ ቅርጫት ኳስ የሚወድ ከተማ ሲያገኝ በሩን አይዘጋም።

የዋሽንግተኑ፦

ልጄ፣ ስለ አውሮፕላን ማን ጠየቀህ? እኔ ዴይተን የሚባል ከተማ የለም አላልኩም። ከእኛ ጋር ምን አሳልፏል ነው ያልኩት። ትዝታ በአውራ ጎዳና መገናኛ አይለካም። በ2009 ሲራክዩስና ዩኮን በኒውዮርኩ አዳራሽ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ስድስት ጊዜ ጭማሪ ሰዓት ተጫውተው 127 ለ117 ሲለያዩ፣ እኔ በማግስቱ ጠዋት ሥራ እንዳለብኝ እያወቅሁ አልተኛሁም። እንዲህ ያለ ሌሊት በግዢ አይገኝም።

ደግሞ ታሪክ እወቅ። በ1979 ሰባት ሆነው ተነሱ፤ ሲጨምሩ ሲጨምሩ 16 ደረሱ። ከዚያስ? በ2013 ሰባቱ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የኮንፈረንሱን ስም ይዘው ብቻቸውን ወጡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የኮሎምበሱ፦

አንደኛ፣ 43 ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። «ልጄ» የሚለውን ለቤት ያቆዩልኝ።

ሁለተኛ፣ ያ የ2009 ሌሊት የመጣው ቢግ ኢስት 16 አባላት በነበሩት ጊዜ ነው! እንቅልፍ የነሳዎት መብዛቱ ያመጣው ነገር ነው ማለት ነው። በ2011 ያው 16 አባላት ያሉት ኮንፈረንስ 11 ቡድን ወደ ብሔራዊው ውድድር አስገባ። በመደበኛው ጨዋታ 9 አሸንፎ 9 የተሸነፈው ዩኮን ጋርደን ውስጥ በአምስት ቀን አምስት ጨዋታ አሸነፈ፤ ከዚያም የአገሪቱን ዋንጫ ወሰደ። እነዚያ 16ቱ ሁሉ እርስ በርስ ደርሶ መልስ አልተጫወቱም። ሰው ግን ይተዋወቅ ነበር።

የዋሽንግተኑ፦

በዚያው በ2011፣ መስከረም ላይ፣ ሲራክዩስና ፒትስበርግ ጓዛቸውን ጠቅልለው ኤሲሲ ወደሚባለው ሌላ ኮንፈረንስ እንደሚሄዱ አስታወቁ። 11 ቡድን ባስገባ በስድስት ወሩ! አንተ የሠርጉን ፎቶ ታሳየኛለህ፤ እኔ ፍቺው ላይ ነበርኩ።

«ወንድሜ» ልበልህ? ይሁን። ወንድሜ፣ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ አንድ ድፎ ዳቦ ነው። ለ11 የሚቆረሰውን ለ13 ስትቆርሰው የማን ቁራሽ እንደሚያንስ አትነግረኝም። እድር ውስጥ አዲስ አባል ሲገባ መግቢያ ይከፍላል። ዴይተን ምን ይዞ ይመጣል? 13 ሺህ ወንበር?

የኮሎምበሱ፦

ያን ቤት ያፈረሰው የአሜሪካን ፉትቦል ነው፤ ጋሼም ያውቁታል። የዴይተን የፉትቦል ቡድን ለሚሊዮኖቹ የሚፎካከር አይደለም፤ የት ይሄድብናል? ስለዚህ ፍቺውን ይተዉትና እድሩን እንያዝ፤ ያነሱት እርስዎ ነዎት።

እኔም እዚህ የእድር አባል ነኝ። ደንቡን ልንገርዎት። ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ደጋግሞ የቀረ ይሰረዛል። ዲፖል በ2023–24 በኮንፈረንሱ ጨዋታ 20 ተጫውቶ 20 ተሸነፈ። ወደ ማርች ማድነስ ከገባ ከ2004 ወዲህ ስንት ዓመት እንደሆነ ይቁጠሩ። መዋጮ የማያዋጣ አባል ወንበር ይዞ ተቀምጦ፣ ድስት ተሸክሞ በር ላይ የቆመውን «ማን ያውቅሃል?» እንለዋለን?

ዲፖልን ብቻ ማለቴም አይደለም። በ2022 በኮንፈረንሱ ጨዋታ አንድም ሳያሸንፍ 19 ጊዜ የተሸነፈ ሌላ አባል አለ። ስሙን ለአክብሮት ስል አልጠራም።

የዋሽንግተኑ፦

ጥራው። ጆርጅታውን ነው። ጥራው እንጂ፣ ምን ታፍራለህ?

ከ19ኙ የሜዳችንን በአካል ገብቼ ያየሁ ሰው ነኝ። አሰልጣኙ ፓትሪክ ዩዊንግ ነበር፤ በ1984 ዋንጫውን ያመጣልን ልጅ፣ አርጅቶ፣ መስመሩ ላይ ቆሞ ሲሸነፍ። ከአጠገቤ የነበረው ወንበር ባዶ ነበር፤ ካፖርቴን አስቀመጥኩበት። አንተ ከኮሎምበስ ሆነህ ቀለሙን የለየኸው ወንበር እሱ ይሆናል። ከዓመት በፊት፣ በ2021፣ ያው ዩዊንግ የኮንፈረንሱን ዋንጫ ጋርደን ውስጥ አንስቶ ነበር። ይህንንም አላነሳህም።

እድር የተሸነፈን ሰው ያስወጣል? እድር የተቋቋመው ለማን ሆነና! ድንኳን የሚተከለው ሐዘን የገባበት ቤት ነው። ደንቡን አንብበኸዋል፤ ድንኳን ግን ተክለህ አታውቅም።

የኮሎምበሱ፦

ድንኳን መትከሉን እንኳ ለእኔ ይተዉት። በኮቪድ ዓመት እዚህ ስንት ሰው እንደቀበርን አያውቁም።

ከኮቪድ ጋር ካነሳነው፣ ዴይተንም ሐዘን ያውቃል። በ2019–20 ኦቢ ቶፒን የተባለውን ኮከብ ተጫዋች ይዞ 29 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸነፈ። በታሪኩ ምርጡ ቡድን ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ውድድሩ ተሰረዘ። ፋብሪካው የተዘጋበት ከተማ ለዚያች መጋቢት ነበር የተቀመጠው፤ መጋቢቷ አልመጣችም። እርስዎ 1985 ያመኛል ይላሉ፤ እርስዎ ቢያንስ ተጫውታችሁ ነው የተሸነፋችሁት።

የ2024ቱን ሦስት ቡድንስ? ገና ከመጀመሪያው ጠይቄ እስካሁን መልስ አላገኘሁም።

የዋሽንግተኑ፦

የ2024ቱን ዋንጫ ማን ወሰደው? ዩኮን። የ2023ቱንስ? ዩኮን። ሦስት ገቡ፣ አንዱ ሁሉንም ጨረሰ። ይበቃል።

ስለ 29 ለ2 የተናገርከውን ግን አላውቅም ነበር፤ ማለት፣ ቁጥሩን እንጂ ከተማውን አላሰብኩትም። ዴይተን አንድ ቀን ለአንድ ጨዋታ ዋሽንግተን ቢመጣ ካፖርቴን አነሳለታለሁ። ይህ ይግባ ማለት አይደለም። ለማንኛውም፣ ክርክሩ የተጀመረው በሁለት ትምህርት ቤት ነበር። አንተ ስለ ሴንት ሉዊስ አንዲት ቃል አልተነፈስክም።

የኮሎምበሱ፦

እርስዎስ?